እጀታው ላይ አንድ ትንፋሽ

አለቃችን ከአመራር ሥልጠና የተመለሰች ዕለት ነርሶችን ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ሰብስባ የበር እጀታ አስጨበጠችን። ቀልዴን አይደለም። «ታማሚ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት እጀታውን ይዛችሁ ቁሙ» አለች። «አንድ ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱ። የመጣችሁበትን ነገር ሁሉ ውጭ ተዉት። ቀልባችሁ ሲሰበሰብ ግቡ።»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «የእኔ ቀልብ እስኪሰበሰብ በሽተኛው ድኖ ቢወጣስ?» አልኩ። ሁሉም ከት ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ እጄን ይዛ እጀታው ላይ አስቀመጠችው። ከነርስ ትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛዬ ባትሆን ኖሮ ማንም እንዲህ አይደፍረኝም ነበር።

ነገሩ ግን ሠራ። ይህን ስናገር ደስ እያለኝ አይደለም። መርፌ ይዤ ስገባ የበሽተኛውን ፊት ማየት ጀመርኩ፤ ድሮ የማየው ክንዱን ብቻ ነበር። በክፍላችን ጭቅጭቁ ቀነሰ፤ መድኃኒት ተሳስቶ የሚሰጥም ጠፋ። የእሷ አቋቋም ደግሞ ከሁላችንም ይለይ ነበር። እጀታውን ይዛ ዓይኗን ትጨፍንና፣ በዓለም ላይ ሌላ ሥራ እንደሌላት ሰው ረጋ ብላ ትገባለች። በሽተኞቹ ለእኛ የሚነግሩን ሕመማቸውን ነው፤ ለእሷ ግን ስለ ልጆቻቸው ያወሩላታል። እቀናባት ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ከዚያ እናቷ ታመው ኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ክፍል ተኙ።

እናቷ ዕድሜያቸውን በሙሉ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠሩ ሴት ናቸው። ስኳር ዓይናቸውን ከወሰደው ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ኩላሊታቸው እምቢ ብሏል። ጆሯቸው ግን ጉድ ነው። ሰው የሚለዩት በኮቴውና በበር አከፋፈቱ ነበር። ዶክተሩ በሩን በክርኑ ይገፋል። ጽዳቷ ባልዲዋን ታስቀድማለች። እኔ ደግሞ እግሬን እጎትታለሁ አሉ። እየጎተትኩ መጥቼ፣ በሩ ጋ ቆሜ፣ ተንፍሼ ስገባ ገና አፌን ሳልከፍት «መጣሽ ቀልደኛዋ?» ይሉኛል።

ልጃቸው ስትመጣ መገመትም አያስፈልጋቸውም። ጫማዋ ከሩቅ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሳትቆም በሩን ብርግድ አድርጋ ትገባለች፤ ስልኳ ጆሮዋ ላይ ነው። «እማ፣ እንዴት አደርሽ? በላሽ? አላመመሽም አይደል?» መልሱን ሳትሰማ ትራሱን ትገለብጣለች፣ የተሰቀለላቸውን ፈሳሽ ታያለች፣ ብርድ ልብሱን ትጎትታለች። ከዚያ ግንባራቸውን ሳም አድርጋ «መጣሁ» ብላ ትወጣለች። ያ «መጣሁ» የሚመጣው በማግሥቱ ነው።

አንድ ቀን የደም ግፊታቸውን ስለካ እናትየው «እዚህ አጠገቤ ያለው ሰውዬ በር ላይ ትቆማለች አይደል?» አሉኝ። «ልጄን ነው የምልሽ። ኮቴዋ ዝም ሲል እሰማለሁ።»

«ትቆማለች፣ እማማ።»

«ከእሱ ወዲያ ያለችውስ? ያቺ የምታቃስተው?»

«እሷም ጋ ትቆማለች።»

የብርድ ልብሱን ስፌት በጣታቸው ዳሰሱ። «ደግ አደረገች» አሉ በመጨረሻ። «ሥራ በወጉ ሲሠራ ደስ ይለኛል።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም የመለኪያውን ጨርቅ ከክንዳቸው ላይ ፈትቼ ወጣሁ።

ደሜ ፈልቶ አለቃችንን መድኃኒት ክፍል አገኘኋት። «አንቺ ሴትዮ፣ ለባዳው ሁሉ ቀልብሽን እየሰበሰብሽ ለእናትሽ ሲሆን እንደ አውሎ ነፋስ የምትገቢው ምን ሆነሽ ነው?»

«እናቴ ናት እኮ» አለችኝ። «እናት ጋ ለመግባት መዘጋጀት ያስፈልጋል?»

«እየሰሙሽ ነው። የማን በር ላይ እንደምትቆሚ ያውቃሉ።»

የያዘችውን ብልቃጥ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። መልሳ አነሳችው። እንደገና አስቀመጠችው። «እዚያ በር ላይ ከቆምኩ ይገባኛል» አለች። «ምን እየሆነች እንደሆነ ይገባኛል። አንዴ ከተነፈስኩ ልቅሶዬ ይመጣል። ሮጬ ካልገባሁ በቀር ጭራሽ አልገባም።»

ሁላችንንም ቀልባችሁን ሰብስቡ የምትል ሴት የራሷን ቀልብ ትፈራው ነበር። ላቅፋት ፈልጌ ነበር፤ ስልኳ ጮኸና እያወራች ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ዶክተሩ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር እንደሌለና ጊዜው ቅርብ እንደሆነ ነገራት። እኔ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠውን መድኃኒት በትሪ ይዤ ወደ እናቷ ክፍል ስሄድ ከኋላዬ ደረሰችብኝ። ስልኳን አጠፋችና የጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ አብራኝ ተራመደች። እኔ እንደ ልማዴ እግሬን እጎትታለሁ፤ የእሷ ጫማ ግን ያን ቀን ድምፅ አልነበረውም።

እጀታውን ያዘች። ቆመች። ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች፤ ትንፋሹ መሀል ላይ ተቆራረጠባት። ደግማ ተነፈሰች። ከዚያ በሩን ቀስ ብላ ከፍታ ገባች። እኔ የበሩ ደፍ ላይ ነበርኩ።

«መጣሽ ቀልደኛዋ?» አሉ እናቷ።

ልትመልስ አፏን ስትከፍት ቀደሟት። «ልጄ እዚህ አካባቢ የለችም አይደል? ዛሬ ኮቴዋን አልሰማሁም። እንዳትጠሪያት። ነይ ቁጭ በይ፣ የምነግርሽ አለ።»

ወደ እኔ ዞረች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ትሪውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

«ጸጉሬን አበጥሪልኝ» አሉ። «እሷ ብታበጥረኝ ነበር ደስ የሚለኝ። ብነግራት ግን እንደ መርፌ በሰዓት ከፋፍላ ነው የምታደርገው።» በራሳቸው ቀልድ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

አለቃችን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀና አድርጋ ደረቷ ላይ አስደገፈቻቸውና ማበጠሪያውን ከኮመዲኖው አነሳች። ጸጉራቸው ሳስቷል። ከጫፉ ጀምራ፣ እያንዳንዷን ቋጠሮ በጣቷ እየፈታች ማበጠር ያዘች።

«እጅሽ እንዴት ያርፋል» አሉ። «የልጄ እጅ ይቸኩላል። አንቺ ግን እንዳትፈርጂባት፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ፈረቃዬ እንዳያልፈኝ ፊቷን እያጠብኩ ጫማዋን አስር ነበር። ጉልበቴ መሀል ይዤ ሳበጥራት ሳልጨርስ የፋብሪካው ፊሽካ ይነፋል። ግማሽ ራሷ ሳይበጠር ትምህርት ቤት ሄዳ ስቀውባታል። ማታ ልትነግረኝ መጣች፤ እኔ ምድጃ ላይ ነኝ፣ ‹እሺ ኋላ› አልኳት። ያ ኋላ ሳይመጣ አደገችብኝ።»

«እም» አለች አለቃችን በጉሮሮዋ።

«ከእኔ ያየችው ፍቅር ሩጫ ነው። አሁን እሷ ደግሞ ለእኔ ትሮጣለች። ያ በር ብርግድ ሲል እንደምትወደኝ አውቃለሁ። ለሌላ ሰው እንደዚያ አትሮጥም።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንድ ቀን ብትቆምልኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ብቻ እንዳትነግሪያት። ቅስሟ ይሰበራል።»

የአለቃችን ዕንባ በአገጯ ወርዶ የሚያበጥረው እጇ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እጇ ግን አልቆመም።

«ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?» አሉ እናቷ። «ቀልድሽ የት ሄደ?»

ጉድ ፈላ። ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና በእግሬ ጣት ሄጄ አጠገቧ ጎንበስ አልኩ። «እማማ፣ እኔማ ማበጠሪያው ነው ያሳዘነኝ። ጥርሱ ሁሉ ረግፎ፣ ተንከባካቢ የሚያስፈልገው እሱ ነው» አልኩ። እንዲህ ያለ የማያስቅ ቀልድ በሕይወቴ ቀልጄ አላውቅም። እሳቸው ሳቁልኝ። በልጃቸው እጅና በእኔ ድምፅ መሀል እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ስንወጣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «ለምን እኔ ነኝ አላልሻቸውም?» አልኳት።

«እንዳትነግሪያት አለች እኮ» አለችኝ።

በማግሥቱ እናቷ በጣም ደከሙ። አለቃችን በሩ ጋ መጥታ እጀታውን ይዛ ቆመች። አለቀሰች፤ ማንም እንዳያያት አልተጨነቀችም። ከዚያ ፊቷን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገችና ወደ ኋላ ተመለሰች። ፈርታ የሄደች መስሎኝ ነበር። ኮሪደሩ ግማሽ ላይ ስትደርስ ዞረችና መሮጥ ጀመረች። ጫማዋ ቀጭ ቀጭ አለ፤ በሩ ብርግድ አለ።

«እማ! እንዴት አደርሽ? በላሽ?»

«መጣሽ ልጄ!» አሉ። የደከመ ድምፃቸው ሲፈካ ውጭ ድረስ ተሰማኝ።

ትራሱን ገለበጠች፣ ብርድ ልብሱን ጎተተች፣ ግንባራቸውን ሳመች። «ዛሬ ሥራ የለኝም እማ፣ አጠገብሽ እሆናለሁ» አለች።

«ኧረ በሞቴ፣ ሂጂ!» አሉ። «ስንት ሰው ይጠብቅሽ የለ። ሂጂልኝ። ቀልደኛዋ ትመጣለች፤ እሷ ትበቃኛለች።»

ለመነቻቸው። እምቢ አሉ፤ በልጅነቷ ወደ ትምህርት ቤት ሲገፏት እንደነበረው መሰለኝ። «እሺ» አለች በመጨረሻ፣ «መጣሁ።» ጫማዋ እየተቻኮለ ወደ በሩ መጣ። እኔ ላሳልፋት ገለል አልኩ። አልወጣችም። ዓይን ዓይኔን አየችኝና በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

ጥቂት ጸጥ አለ። ከዚያ ከውስጥ እግር ሲጎተት ሰማሁ። የእኔ አረማመድ ነበር።

«መጣሽ ቀልደኛዋ?»

«እም።»

«ማበጠሪያው እዚያ ነው።»

እጀታውን ይዤ ቆምኩ። እኔም ልሰናበታቸው ፈልጌ ነበር፤ እወዳቸው ነበር። ግን እንዴት ብዬ ልግባ? ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። ተነፈስኩ፤ ቀልቤ ግን ከዚያ ክፍል ወዲህ አልል አለ። ሌላ ነርስ ልትገባ ስትመጣ መለስኳት። ስልኳ ትናንት እንደከተተችው ኪሴ ውስጥ ተዘግቶ ዋለ።

መሸት ሲል በሩ ተከፈተ። አለቃችን ማበጠሪያውን ይዛ ወጣች፤ ጥርሱ መሀል ነጭ ጸጉር ተጠምጥሞበታል። ከትከሻዋ በላይ አየኋቸው። ግራውም ቀኙም ተበጥሮ፣ ጸጉራቸው ትራሱ ላይ በወጉ ተኝቷል። አቀፍኳት።

«የመጨረሻ ቃላቸው ምን ነበር?» አልኳት።

ማበጠሪያውን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺን አመሰገነችሽ» አለችኝ።