ቁልፉን ደብቄዋለሁ

ላራስ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቱ በሽታውን ካቆመላት ሦስት ዓመት አልፏል፤ እጮኛዋ ራክሳም ያውቃል። የማያውቁት ቤተሰቦቹ ናቸው፤ ከሠርጉ በፊት እንዲሰሙም አልፈለገችም። ጣጣው፣ የምትታከምበት የባንዱንግ ከተማ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ላይ የተቀመጠችው የራክሳ አክስት ኢማስ መሆኗ ነው። የክሊኒኩን ድረ ገጽ የምትሠራው ደግሞ የላራስ ታናሽ እህት ኒኒንግ ነበረች።

«ኢማስ ስሜን ብትጽፍ ምን ይወጣላታል?» አለቻት ላራስ።

«ስምሽና የቀጠሮሽ ቀን። ምርመራውን የሚከፍተው ቁልፍ ለሐኪም ብቻ ነው የሚታየው። ከሌላው ሰው ቁልፉን ደብቄዋለሁ፣ ቴህ» አለች ኒኒንግ፤ ታላቅ እህቷን የምትጠራው እንዲህ ነው።

ላራስ የበር ቁልፍ መሰላትና እፎይ አለች። ኒኒንግ ያለችው ግን ስክሪን ላይ የሚጫኑትን ነበር። እህቷ በምን እንደተጽናናች ገብቷታል፤ ግን አላረመቻትም።

በነጋታው ኒኒንግ አለቃዋ አቶ ጉንታራ ጋ ገባች። «ፓክ ጉንታራ፣ በይለፍ ቃሉ የገባ ሠራተኛ ሁሉ የገጹን አድራሻ ካገኘ የፈለገውን መዝገብ ይከፍታል። እኔ ገጹ ላይ ብደብቀውም መዝገቡን የያዘው ሰርቨር ዝም ብሎ ይሰጠዋል። ማን እንደሆነ፣ ተፈቅዶለት እንደሆነ መጠየቅ አለበት።»

«ቁልፉ ይታያል?»

«አይታይም።»

«ታዲያ የማይታየውን ማን ይጫነዋል? አንቺ ልጅ ጭንቀት ትወጃለሽ። ሰኞ እናስረክባለን።»

ቢሮው ሳቀ። አብራ ሳቀች፤ እንደ ነዝናዛ መቆጠር አልፈለገችም። ያቺ ሳቅ እስከ ዛሬ ታንገበግባታለች።

ኢማስ የኮምፒውተር ሰርጎ ገብ አይደለችም፤ ማተሚያው ወረቀት ሲነክስባት እንኳ ሰው የምትጠራ ሴት ናት። አንድ ቀን ሐኪሙ የአንድ በሽተኛ መዝገብ እንድታትምለት አድራሻውን በስልኳ ላከላት። መጨረሻው ላይ የበሽተኛው የካርድ ቁጥር ነበር። ያንን አጠፋችና የላራስን ቁጥር ጻፈች። ተከፈተ። ጥበቡ ሁሉ ይኸው ነው።

ከኢማስ የሰሙት የራክሳ ቤተሰቦች ላራስን ለጋብቻ ሊጠይቁ በተቀጠሩበት እሑድ አልመጡም። የላራስ እናት ለእንግዶቹ ያዘጋጁት ቢጫ ሩዝ እንደተከመረ ቀዘቀዘ። ማታ ላይ ራክሳ ጋብቻው መቅረቱን የሚገልጽ አጭር መልእክት ላከ፤ ራሱ ለመምጣት ድፍረት አጣ።

«ቆልፌዋለሁ ብለሽኝ ነበር» አለች ላራስ።

«ደብቄዋለሁ ነው ያልኩሽ፣ ቴህ።» ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ኒኒንግ ራሷን ጠላች።

«መቆለፍ እንዳልሆነ ታውቂ ነበር?»

ኒኒንግ የቀዘቀዘውን ሩዝ ማንሳት ጀመረች። ላራስም ደግማ አልጠየቀቻትም።

ስህተቱ በማግስቱ ተስተካከለ፤ አሥራ አንድ የኮድ መስመር ብቻ ነበር የጎደለው። ፓክ ጉንታራ «ቀድመሽ አጥብቀሽ ብትነግሪኝ ኖሮ» አላት፣ ሳያፍር።

ላራስ ሐኪም ቤት ቀየረች። ከወር በኋላ ኒኒንግ ወጥ ቤት ገብታ፣ «ቴህ አሁን የት ነው የምትታከመው?» ብላ ጠየቀች።

እናቷ ከሚያጥቡት ሩዝ ቀና አላሉም። «ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች፣ ልጄ።»