የጣሪያው አሻራ

«ቀለሙ ነው የጨረሰው» አለች ጎረቤታቸው ለአራተኛ ጊዜ፤ አሁን ደግሞ ገና ደጃፉ ላይ ጫማዋን ለምታራግፍ ለቀስተኛ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ሽታ ሲምግ!»

ሰፈሩ ይህችን ሴት «ሬዲዮ» ይላታል። ሐኪሙ ልቡ ነው ብሎ ነበር። ሬዲዮ ግን ከጀመረች አትቋረጥም።

«እትዬ፣ ቀለም ሰው የሚገድል ቢሆን የእርስዎ የጥፍር ቀለም እስካሁን ይቀብርዎት ነበር» አለች የሟቹ ልጅ ከመስኮቱ ሥር።

አንዱ ለቀስተኛ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እናቷ ከሶፋው ጥግ በዓይኗ ገሰጸቻት።

ልጅቱ ስልክ ጠጋኝ ናት። ማንም አላስተማራትም፤ የሞተ ስልክ እየፈታች ለመደችው፣ ይህንንም ሳይጠይቋት ትናገራለች። ዛሬ ከፊቷ ያለው ግን የፕላስቲክ መኪና ነው፤ ከስንዝር የማትበልጥ፣ ጎማ የሚሸፍነው ፓራፋንጎዋ ያበጠ፣ ኮፈኗ የረዘመ የድሮ መኪና። አባቷ ከመቶ በላይ ቁራጭ በስቴኪኒ ጫፍ ሙጫ እያስነካ ገጣጠማት። ግራጫው የመጀመሪያ ቅብ አርፎባታል። የቀረው የላይኛው ክሬም ቀለም ነው፤ እሱንም ራሱ በጥብጦ በትንሽ ብልቃጥ ትቶታል። ምኑን ከምን እንዳዋሃደ የሚያውቅ የለም። የሚበቃው ለአንድ ቅብ ነው፣ ዛሬ ካልተቀባ ደግሞ ይረጋል።

ችግሩ ጣሪያው ላይ ነው። አንድ የአውራ ጣት አሻራ ግራጫው ውስጥ ሰምጦ ደርቋል።

አባቷ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። «ቀለም ሳይደርቅ የሚነካና አውቶቡስ ሳይቆም የሚወርድ አንድ ናቸው» ይል ነበር። ጡረታ ወጥቶ ይህችን ሲገጣጥም መሪዋን በስህተት በተሳፋሪው በኩል ለጠፈው።

«ሾፌር ሆነህ መሪ የት እንዳለ ጠፋህ?» ብላ ሳቀችበት።

«ሆን ብዬ ነው» አለ ዓይኑን ሳያሽ። «እኔ የለመድኩት ወንበር ላይ ልቀመጥ። ሌላ ሰው ይንዳኝ።»

ከወር በፊት አሻራውን ያየች ዕለት ደግሞ «አባዬ፣ አንተም ሳይቆም ወረድክ?» አለችው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

ከሰዓት በኋላ የአባቷ ወዳጅ የሆነው የጋራዥ ቀለም ቀቢ መጣ። ሻዩን አስቀምጦ መኪናዋን ወደ ብርሃን አዞራት።

«ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ይሄ ከሥር ካለ ከላይ ምን ብትቀቢ ይታያል። በብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ አጥፊው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«እጁ እኮ ነው ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያለ ሥራ ከጋራዥ አይወጣም።»

«ከጋራዥ አይደለም የምትወጣው፤ ከቤትም አትወጣም።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ ቢሆንም ብርጭቆ ወረቀቱን በልኳ ቆርጦላት ሄደ።

ወረቀቱን ውሃ ነካ አድርጋ ያዘችው። የደንበኛ ስልክ ስትመልስ መስታወቱ ላይ የጣቷን ምልክት የማትተው ሰው ናት፤ ነውር ነው። ወረቀቱን ጣሪያው ላይ አሳረፈችው። ከዚያ አነሳችውና መስኮቱ ደፍ ላይ ጣለችው።

ብልቃጡን በክብሪት እንጨት አማሰለችና ከኮፈኑ ጀመረች። ጣሪያውን ለመጨረሻ አቆየችው። ከኋላዋ አንዱ ለቀስተኛ፣ ሟቹ አውቶቡስ አቁሞ ተሳፋሪ ያስታረቀበትን ቀን ያወራል፣ ሌላው «ውሸት ነው፤ እሱ ነው ያጣላቸው!» ይላል፣ ቤቱ ይስቃል። እሷም ብሩሹን ሳታነሳ ሳቀች። ከቀናት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ቀለላት። ክሬሙ መስመሮቹ ውስጥ ገባ፤ አሻራው ግን አልጠፋም።

እንግዶቹ ሲወጡ እናቷ መጣች። ሦስት ዓመት «ቆሻሻችሁ» ስትለው ወደኖረችው ጠረጴዛ አጎነበሰች።

«አምሮባታል።» ጣሪያው ላይ ያለውን አሻራ አየችና «ይቺን ተውሻት?» አለች።

«የአባዬ ጣት ናት። እንዴት አድርጌ ላጥፋት?»

«የእኔ ናት።»

«ምን?»

«ሐኪም ጋ የሄደ ዕለት። ደርቃ እንደሆነ ልይ ብዬ ነካኋት። እንዳይጮህብኝ ፈርቼ ኩሽና ገባሁ። አየና ማን ነካ እንኳ አላለም።»

«እኔ እኮ በእሱ ላይ አላገጥኩ!»

«ምን አለሽ?»

«ምንም። መነጽሩን ጠረገ።»

«እንግዲያው እየሳቀ ነበር» አለች እናቷ። «መነጽር የሚጠርገው ሳቁን ሲደብቅ ነው።»

ብልቃጡ ባዶ ነበር። ልጅቱ ባዶውን ብልቃጥ፣ ከዚያ ጣሪያውን አየች። እናቷም እያየች ሳታስበው አውራ ጣቷን ወደ መኪናዋ ዘረጋች።

«እማ! አልደረቀም!»

ልጅቱ የእናቷን እጅ አየር ላይ ቀለበችው። ወደ ጉልበቷ ስባ አስቀመጠችው፤ አልለቀቀችውም።