ሠላሳ አንድ ዴሲቤል

…ሠላሳ አንድ፣ እንደገና ሠላሳ አንድ፣ ይሄ ግድግዳ ከወዲያ ከሚመጣው ድምፅ ሃምሳ ዴሲቤል ማስቀረት ነበረበት፣ ጠርዙን ሁለቴ በሲሊኮን ደፍናዋለች፣ ማይክሮፎኑን አምስት ቦታ አዛውራዋለች፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ሩፋይዳ ብቻዋን ናት፣ ወልቂጤ፣ ላብራቶሪው ውስጥ፣ ድምፅ የሚለካበት የመስሚያው ክፍል በር ተዘግቷል፣ ከፊቷ ለሙከራ የተገጠመው የእንጨት ግድግዳ፣ ከግድግዳው ወዲያ ስፒከሩ። ስፒከሩን አጥፍታዋለች። ታዲያ ማነው የሚያወራው?

አቶ አምሀ ነው፣ አለቃዋ፣ ግድግዳውን ካመረተው ከዱባለ ጋር። ምሳ የወጣች መስሏቸዋል። ሪፖርቱ ላይ ሃምሳ ሁለት ብለህ አስገባው፣ ይላል ዱባለ። አታስብ፣ ፈራሚዋ ልጅቷ ናት፣ ነገ የሆነ ነገር ቢመጣ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ይላል አቶ አምሀ፣ ቃሉ ጥርት ብሎ፣ አጠገቧ የቆመ ያህል። ያ ረቢ። ልጅቷ እኔ ነኝ።

ዝም በይ፣ ትላለች ለራሷ፣ ፈርሚና ውጪ፣ ፈርሜ ብታሰርስ፣ ሳልፈርም ብባረርስ፣ ግድግዳው ግን የሚሄደው ክሊኒክ ነው፣ ሴቶች ገመናቸውን ለነርስ የሚነግሩበት ክፍል፣ ናጃህ፣ እህቷ፣ አምና ቡታጅራ ክሊኒክ ባሌ ይመታኛል ብላ ለነርሷ ስትነግር ባልየው ከቺፕውድ ግድግዳው ወዲያ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ አንድም ቃል አላመለጠውም፣ ቤት ሲገቡ ክንዷን ሰበራት። ቀስ ብዬ እኮ ነው ያወራሁት ሩፊ፣ ቀስ ብዬ፣ ትላት ነበር ናጃህ።

ሳል። አፏን ታፍናለች፣ ያመልጣታል።



ሩፋይዳ? አንቺ ነሽ እንዴ? የአቶ አምሀ ድምፅ ለስልሷል፣ ይበልጥ የሚያስፈራት ይሄ ነው። እኔ ነኝ አቶ አምሀ፣ ትላለች፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ እርስዎም እየሰሙኝ ነው አይደል፣ አልጮህኩም እኮ።

ኮቴ፣ ፈጠን ያለ፣ በኮሪደሩ ዞሮ እየመጣ፣ ምን ነካኝ፣ ምን አናገረኝ፣ እስክሪብቶው ከእጇ ይወድቃል፣ ታነሳዋለች፣ ቢስሚላህ፣ ሪፖርቱ ላይ ሠላሳ አንድ፣ በአኃዝም በፊደልም፣ አላለፈም፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ፊርማዋ ተንሻፎ የሌላ ሰው ይመስላል፣ ይሁን፣ በስልኳ ፎቶ ታነሳዋለች፣ ለሲስተር አዛለች፣ ለክሊኒኩ ኃላፊ፣ ኔትወርኩ ይንቀረፈፋል፣ ሂድ፣ ሂድ በአላህ፣ የበሩ እጀታ ዝቅ ይላል፣ ተልኳል ይላል ስልኩ፣ ወደ በሩ ትዞራለች፣ አቶ አምሀ፣ ይግቡ።