ዊልፍ ሲፈልገው የኖረው ጠመንጃ

«ለመሆኑ ጠመንጃዎቹን ማን ሊወስዳቸው ነው?» ሲል አንዱ ሽማግሌ ሳንድዊቹን ሳይውጥ ሌላውን በሹክሹክታ ጠየቀ።

ዶሪን ሻይ እየቀዳች ሰማች፤ ግን እንዳልሰማች ሆነች። አባቷ ዊልፍ ሃድሊ ከግድግዳው ወዲያ፣ በሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ቀብሩን ይጠብቃል። በበርሚንግሃም አሮጌ የአየር ጠመንጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለለቅሶ ብሎ መጥቶ ዓይኑን ጠመንጃዎቹ የተሰቀሉበት ግድግዳ ላይ ጥሏል። ሰው ሲሞት እንዲህ ነው፤ አፍ ያዝናል፣ ዓይን ይመርጣል።

ዊልፍ ክፉ አልነበረም። ልጅ ሳለ የጎረቤት እርግብ ቢመታ፣ ልጁ ራሱ በጋለ ምስማር ሰደፉ ላይ ስሙን የጻፈበትን የአየር ጠመንጃ አባቱ ቀምቶ ሸጠበት። ከዚያ ወዲያ ያንን የሚመስል ሁሉ ሲገዛ፣ ገና ሲያነሳው ገልብጦ ሰደፉን ሲመረምር አረጀ። «እሱን ካገኘሁ አርፋለሁ፤ ባሕር ዳርቻ እወስዳችኋለሁ» ሚስቱንና ልጁን ይላቸው ነበር። የዶሪን እናት ባሕሩን ሳታይ ሞተች። የሞተች ዕለትም ዊልፍ ጠመንጃ ሊያይ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር። ዶሪን ለዚህ ይቅር ብላው አታውቅም።

ለቅሶ ደራሾቹ ሲወጡ የአባቷ የእሁድ ጓደኛ፣ እሱም ጠመንጃ ሰብሳቢ የሆነው ክላይቭ፣ ብቻውን ቀረ። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያመጣውን ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ዶሪን ገልብጣ አየችው። ሰደፉ ላይ በተንጋደደ የልጅ ጽሕፈት «ዊልፍ» ይላል።

«ከየት አገኙት?»

«አላገኘሁትም፣ የኔ ልጅ። ያኔ የገዛው አጎቴ ነው። ከቁም ሣጥኔ ጀርባ ነው የኖረው።»

«አባዬ በየእሁዱ እርስዎ ቤት እየመጣ?»

«ልሰጠው ነበር። ዛሬ ነገ ስል… እሱን ካገኘ ማን ይመጣልኛል? ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ጠመንጃ ወድጄ የምሰበስብ መሰለሽ? በሬን የሚያንኳኳ ሰው ፈልጌ ነው።» ብርድ ልብሱን እያጠፈ፣ «እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስም ይለኝ ነበር። እሱ አገር ላገር ሲዞር፣ እኔ የት እንዳለ ማወቄ» አለ።

ዶሪን ደሟ ፈላ። እናቷ ትዝ አለቻት። ያ ሁሉ ዕድሜ ለዚህ ሰው የእሁድ ጨዋታ ነው የሄደው።

«ና!» አለችው። አንቱታው እዚያው ቀረ። «ለኔ አይደለም፣ ለሱ ንገረው!»

«ሞቷል እኮ፣ ዶሪን።»

«በሕይወት እያለማ ፈራኸው! አሁን ምን ያደርግሃል? ንገረው እንጂ!»

እጅጌውን ይዛ እየጎተተች ወስዳ ክዳኑ ገና ባልተዘጋው ሣጥን አጠገብ ገተረችው። ክላይቭ ኮፍያውን አወለቀ።

«ዊልፍ» አለ፤ «ያ ጠመንጃህ…»

ዶሪን ሣጥኑ ላይ ተደፍታ የአባቷን ቀዝቃዛ ጆሮዎች በሁለት እጇ ደፈነች።