ወፏ የሌለችባቸው ፎቶዎች

የእኛ ፎቶ አንሺዎች ማኅበር አንድ ሕግ አለው፦ ፎቶህ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሲበራ አፍህን ትዘጋለህ። ሌላው ሁሉ አስተያየቱን እስኪጨርስ ባለቤቱ ዝም ነው። ለእኔ ይህ ሕግ በጠባብ ጫማ ከመዋል ይከብዳል።

የምንሰበሰበው ከማተሚያ ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል ነው። መጋረጃዎቹን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ብርሃን አያሾልኩም። በየወሩ እያንዳንዳችን በቅርቡ ካነሳነው አንድ ፎቶ እናመጣለን፤ የተመረጠው በትልቁ ታትሞ ደረጃው ላይ ይሰቀላል። የእኔ ተሰቅሎ አያውቅም። በዚህ ወር ግን እንደሚሰቀል ስለማውቅ አክስቴን ይዣት ሄድኩ። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ካሜራውን ስገዛ ደግሞ፣ "አዲስ የስፌት መኪና ሲያስፈልግሽ መጫወቻ ትገዣለሽ?" ያለችኝም እሷ ናት። እንድታይልኝ ፈለግኩ።

ሰብሳቢያችን፣ ጡረታ የወጡት ፋርማሲስት፣ የተራራ ጭጋግ አመጡ። ቆንጆ ነው፤ ልክ እንደ ባለፈው ወር ጭጋጋቸው። የጥርስ ሐኪሟ ንብ አመጣች፤ የንቧ እግር ላይ ያለው የአበባ ብናኝ ሳይቀር ይታያል። ቀናሁ።

ከዚያ የእኔ በራ። ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ካለው ኩሬ አንዲት ዓሣ አዳኝ ወፍ ስትወጣ፦ ዓሣው አፏ ውስጥ፣ ጠብታው በክንፏ ዙሪያ እንደተበተነ ዶቃ።

"እሰይ!" አለች አክስቴ። ሕጉ እሷን አይመለከትም።

"ይቅርታ፣ ግን በጣም አማረ" አለች የጥርስ ሐኪሟ። "ኮምፒውተር እንዳልሠራው በምን እናውቃለን? እንዲህ የሸወዱን አሉ እኮ።"

ምላሴን ነከስኩ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ቅር አይበልሽ። ከወፏ በፊት ያነሳሻቸውን አሳዪንና ይለይለት። የካሜራሽን ካርድ ይዘሽ የለ?"

ይዣለሁ። ችግሩም እሱ ነው። ካሜራ ማንም አላስተማረኝም፤ እዚህ ክፍል ውስጥ የተበላሸ ፎቶዬን ያየ ሰውም የለም። የሌላውን ብዥታ ሳይ ግን፣ "ያዛጋው ካሜራው ነው ወይስ አንተ?" ስል ያልሰማኝ የለም። ካርዱ ደግሞ ጉድ ሞልቶታል። አላሳይም ብል ፎቶው ይወድቃል፤ ባሳይ እኔ።

"ምን ያንቀረፍፍሻል?" አለች አክስቴ፣ ክፍሉ በሙሉ በሚሰማው ሹክሹክታ። "የሚደብቅ ሌባ ነው።"

ካርዱን ሰጠኋቸው።

ባዶ ውሃ። ባዶ ውሃ። ብዥ ያለ ሣር። ከዚያ የራሴ ጉልበት፣ ግድግዳውን ሞልቶ።

"ያዛጋው ካሜራው ነው ወይስ አንቺ?" አለ አንዱ ከኋላ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"ይቺማ የእኛ ቤት ጉልበት ናት!" አለች አክስቴ። "ባየኋት አወቅኋት!"

ጆሮዬ ጋለ። አንገቴን ግን አልደፋሁም።

ፎቶዎቹ ቀጠሉ። ሰማዩ ደመነ፣ ጠራ፤ የኩሬው ዳር ሣር ለምልሞ ደረቀ። ወፏም ቀስ በቀስ እየቀረበች መጣች፦ መጀመሪያ ጥላዋ፣ ቀጥሎ ምንቃሯ፣ ቀጥሎ ራስ የሌለው ክንፍ። ሳቁ መቼ እንደቆመ አላውቅም። በመጨረሻ ዓሣዋን ይዛ ከውሃው ስትወጣ ሁሉም በአንድ ላይ ተነፈሱ፤ ያውም ቀድመው ላዩዋት ወፍ!

"ስንት ጊዜ ተመላለስሽ?" አለች የጥርስ ሐኪሟ።

"ወፏ እስክትለምደኝ።"

ለምርጫው መጀመሪያ እጇን ያወጣችው እሷ ናት። ሌሎቹም ተከተሉ።

"እንግዲህ ወፏ ትሰቀል" አሉ ሰብሳቢው።

"ጋሼ፣ ብቻዋን አይሆንም" አልኩ። "ባዶ ውሃዎቹን ከደረጃው ሥር ጀምራችሁ ስቀሉልኝ፤ ወፏን ከላይ። ማየት የፈለገ ይውጣ።"

"ጉልበትሽስ?" አለች አክስቴ።

"እሱ ይቅር።"

"ለምን ይቀራል? መሃል ላይ ይሁን። ሰው እዚያ ጋ ዐረፍ ይበል እንጂ!"

ተሰቀለ። አክስቴ አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር እየጎተተች ታመጣለች፤ ከጉልበቴ ፊት ታቆማቸውና፣ "ቆይ፣ ገና ነው" ትላቸዋለች።