የጣውንቴ ኪኒን

ጣውንቴ ሰፍያ እየከሳች ስትሄድ ሰፈሩ የጠረጠረው እኔን ነው። ፊት ለፊት የተናገረ የለም፤ ቡታጅራ ሰው የምትከሰው ሰላምታዋን በማሳጠር ነው። የአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ላይ ስደርስ ወሬው ቀጥ ይላል። ጎረቤቴ ወለተ ሐና እንኳን አይብ ባቀርብላት "ጾም ነኝ" አለችኝ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንቱ! የምን ጾም ነው? መርዝ ያለበት መስሏት ነው እንጂ።

እኔ ደግሞ የጠረጠርኩት የሰፍያን ምራት ሩፋይዳን ነው። እኔና ሰፍያ አርጅተናል፣ ሁለታችንም ደም ብዛት አለብን። በአንድ ቀን ሐኪም ቤት ሄደን፣ አንድ ዓይነት ኪኒን ተቀብለን፣ በአንድ ባጃጅ እንመለሳለን። የእኔ ደም ረገበ፤ የእሷ ሽቅብ ወጣ። ሐኪሙ፣ ገና ጢሙ ያልጠና ልጅ፣ "እማማ፣ በዚሁ ከቀጠለ አንድ ጎንዎ አልታዘዝም ይላል፤ ከዚያም የባሰ አለ። ኪኒኑን በደንብ ይውጣሉ?" አላት።

"እውጣለሁ" አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

ከዋጠች ለምን አይሠራላትም? ኪኒኑን የምታቀብላት ሩፋይዳ ናት። ይቺ ልጅ እውነተኛውን ገበያ እያወጣች፣ ለአማቷ ሌላ ነገር እየሰጠቻት ነው አልኩ። አጥራችን አንድ ነው። በማግስቱ ጠዋት እንሰቱ መሀል ገብቼ ቆምኩ።

ሩፋይዳ ኪኒኑን ከነእሽጉ አምጥታ እፊቷ ቀደደችላት፣ ውሃ ሰጠቻት፣ ገባች። ሰፍያ ቀስ ብላ ተነስታ ወደ ጓሮ መጣች። እንሰቱ ሥር እንትፍ አለችውና በእግሯ አፈር መለሰችበት።

"ያዝኩሽ!" ብዬ ወጣሁባት። "ምን አድርጌሽ ነው? ብትሞቺ ገደለቻት የምባለው እኔ ነኝ እኮ!"

ደንገጥ እንኳን አላለችም። "ተይኝ፣ አሚኔ።"

"ለምን ትተፊዋለሽ?"

"ለምን ብዬ ልዋጠው? ሐጂ ካረፉ ወዲህ ጠዋት የምነሳበት ነገር የለኝም። እህሉ አፈር አፈር ይለኛል። ሶላት ቆሜ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል። ኪኒን ለሚኖር ሰው ነው።"

ይህን የምትለው ሰፍያ ናት! ባላችን ሐጂ ዑመይር ተራዋን አንድ ቀን ቢያዛቡባት ሰፈር ስታስነሳ የኖረች ሴት። ማጽናናት አልችልበትም። የምችልበትን አመጣሁ።

"እሺ፣ ሙቺ" አልኳት። "እንሰትሽን እኔ እፍቀዋለሁ። ሐጂ ከመካ ያመጡልሽን ሻሽ ለአረፋ አስሬው እወጣለሁ። ሐጂ የሚወዱት አሚኔን ነበር እያልኩም አወራለሁ።"

ቀና አለች። "ማንን? አንቺን?"

"እኔን።"

"ወላሂ፣ እኔን ያገቡት ከአንቺ ምላስ ሸሽተው ነው!"

"በይ ሞተሽ ንገሪያቸው!"

ፊቷ ቀላ። ሩፋይዳን ጠርቼ ሌላ ኪኒን አስመጣሁ። ሰፍያ ዓይኗን እኔ ላይ እንደተከለች ዋጠችው።

በእልህ ብቻ እንደማይሆን ግን አላጣሁትም። ሐኪሙ ዘንድ ይዣት ሄጄ መትፋቷንም፣ እህሉ አፈር አፈር ማለቱንም ዘረገፍኩለት። "ይሄ ድብርት ነው፣ ራሱን የቻለ በሽታ ነው፤ ይታከማል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል" አለ። ለሐዘን ደግሞ ኪኒን? ሐኪሙንም በጎሪጥ አየሁት። ያም ሆኖ ሌላ ኪኒን ጨመረላት፤ ለእኔም ሌላ የምጠብቀው ተጨመረልኝ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እሄዳለሁ። አንዳንድ ቀን ተናዳ ትውጣለች። አንዳንድ ቀን ስድቤም አያነሳሳትም፣ ግድግዳ ታያለች፤ ያን ጊዜ ዝም ብዬ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ እስክትውጥ አልነሳም።

ዛሬ ገና ከበሩ ሳልደርስ "ውጫለሁ፣ ሂጂልኝ፤ ቁርሴን ልብላበት" አለችኝ።

"አፍሽን ክፈቺ" አልኳት።

ከፈተች። ምንም የለም።

"ምላስሽን አንሺ።"

እየሰደበችኝ አነሳችው።