የናውም ካልሲና የሐይቁ ጭቃ

ከኦህሪድ ሐይቅ ወለል በረጅም ቱቦ የወጣው ጭቃ የናውም አሮጌ ዛስታቫ መኪና ውስጥ አልገባም አለ። የሐይቁ ተመራማሪ ዶክተር ስላቪጻ ቱቦውን ለሁለት ቆረጠችና አፋቸውን ከድና ለረዳቷ ለኔዳ ሰጠቻት።

«የላይኛው ላይ ምልክት አድርጊ፤ እኔ ጀልባውን መልሼ እመጣለሁ።»

ኔዳ ማርከሩን የት እንዳደረገችው እንጃ። ጠፋብኝ ከምትል ብትሞት ይሻላታል። የኩል እርሳሷን አውጥታ አንድ ቀስት ሳበች። ቆንጆ ቀስት ነበር።

አጎቷ ናውም ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ሲያሰግር ቢኖርም መኪናው ውስጥ ጭቃ ማየት አይወድም። ሁለቱንም ቱቦ እንደ ሕፃን ፊት ጥርግርግ አድርጎ ጫናቸው። ቤተ ሙከራ ሲደርሱ መንታ ሆነው ወረዱ።

«አጎቴ፣ ቀስቴስ?»

«ቱቦም ይኳላል እንዴ? ቆሻሻ መስሎኝ።»

የላዩና የታቹ ከተምታታ ጭቃው የመዘገበው የስንት ዘመን ብርድና ሙቀት ተገልብጦ ይነበባል። የኔዳም ስም ሐምሌ ላይ ከሚወጣው ትልቅ የመቆፈሪያ ጀልባ የተሳፋሪ ዝርዝር ይሰረዛል። ዶክተሯ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አትቆይም።

«በል የቱ ነው የላይኛው?»

«ይሄ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም። ግን ፊቱ ደስ ይላል።»

ኔዳ ሳቋ አመለጣት፤ ስትስቅ ደግሞ ጭንቅላቷ ይሠራል። ከየቱቦው ቆንጠር ያለ ጭቃ በውሃ በጥብጣ በማይክሮስኮፕ አየችው። ጭቃው በዓይን የማይታዩ የውሃ እፅዋት፣ የጥንት ዋቅላሚዎች ቅርፊት ነው፤ እንደ መስታወት ያበራል። በአንዱ ቱቦ ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም ክብ፣ በሌላው እንደ መርፌ ቀጭን። ውሃው ሲሞቅ አንዱ፣ ሲቀዘቅዝ ሌላው ይበዛል። የዛሬው የቱ ነው? የዛሬውን ሐይቅ ማየት ነበረባት፣ ሐይቁ ግን ሩቅ ነው።

ዓይኗ ናውም እግር ላይ አረፈ። ጠዋት ጀልባ ሲገፋ ከነካልሲው እስከ ጉልበቱ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«አጎቴ፣ ካልሲህን አውልቅ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው የታለ? አውልቅ ባክህ።»

ጨመቀችው። ሽታውን ተዉት። ጠብታው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሙሉ ሳንቲም ነበር። ከጠረጴዛው ማርከር አንስታ ሳንቲም ያለበት ቱቦ ላይ ቀስት ሳበች።

ዶክተሯ ገባች፤ አፍንጫዋን ሸበሸበች። «ምንድነው የሸተተኝ?»

ኔዳ መዋሸት ትችልበታለች። ግን አንድ እግሩን ባዶ አድርጎ የቆመ አጎት አጠገቧ እያለ ምን ትበል? ኩሉንም ካልሲውንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው።

ስላቪጻ ቀስት ያለበትን ቱቦ ክዳን ነቀለች። ከክዳኑ ሥር አስቀድማ ራሷ በምስማር የጫረችው ምልክት አለ።

«እኔ እኮ አጎትሽን ካንቺ በፊት ነው የማውቀው» አለች። «ሐምሌ ላይ ስትመጪ ካልሲውን ይዘሽ ነይ። እሱን ቤት ተዪው።»

«ካልሲዬ ያለ እኔ የትም አይሄድም» አለ ናውም።